ከእንዝርት እስከ ስፌት መኪና፦ በቢቸናና በሞጣ የልብስ ዝግጅት ታሪክ

በቢቸናና በሞጣ አገር እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ የገበሬ ቤተሰብ የሚለብሰው ልብስ አብዛኛው ከደጃፉ ሳይርቅ የሚሰናዳ ነበር። ጥጡ ከገበያ ቢገዛም ፈትሉ የቤት እመቤቲቱ ሥራ ነው፤ ሽመናው የሰፈሩ ሸማኔ ድርሻ ነው፤ ስፌቱ ደግሞ ከቤቱ ወንዶች ወይም መርፌ ከሚችል ጎረቤት የአንዱ እጅ ነው። አንድ ቀሚስ ወይም አንድ ጋቢ እነዚህን ሦስት እጆች ሳያልፍ ገላ ላይ አይውልም ነበር። የአካባቢው የልብስ ታሪክም እነዚህ ሥራዎች እየተራ ከቤት ወጥተው ወደ ገበያ የተሻገሩበት ታሪክ ነው። ቀድሞ የወጣው መርፌው ሲሆን እስከ ዛሬ ከቤት ያልወጣው እንዝርቱ ነው።

አገሩና ጥሬ ዕቃው

ሁለቱ ከተሞች ከጮቄ ተራሮች በስተምሥራቅና በስተሰሜን ምሥራቅ በተዘረጋው ወይና ደጋ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ የተቆረቆሩ ናቸው። ቢቸና የእነማይ፣ ሞጣ የሁለት እጁ እነሴ ዋና ከተማ ሲሆኑ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሁለቱም በየስማቸው የሚጠሩ የጎጃም ጠቅላይ ግዛት አውራጃዎች መቀመጫ ነበሩ። በመካከላቸው ደብረ ወርቅ፣ በቢቸና አቅራቢያ ደግሞ ዲማ ጊዮርጊስ የታወቁ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ማዕከሎች ናቸው። ሞጣ ጊዮርጊስን በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተከለችው የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወለተ እስራኤል ናት።

መሬቱ ከጮቄ ጫፍ ወደ ዓባይ ሸለቆ ደረጃ በደረጃ ይወርዳል። ከ4,000 ሜትር በሚያልፈው ውርጫማ ደጋ በግ ይረባል፤ በመካከሉ ጥቁር አፈር ላይ ጤፍና ስንዴ ይበቅላል፤ በዓባይ በረሃ ቆላ ደግሞ ጥጥ ይለቀማል። ስለዚህ ደገኛው ቆዳና የበግ ጠጉር ነበረው፤ የሜዳው ገበሬ እህሉን ሸጦ ጥጥ ይገዛ ነበር፤ ቆለኛው ጥጡን ጭኖ ወደ ገበያ ይወጣ ነበር። በአንድ ገበያ የሦስቱ አገር ሰው ስለሚገናኝ ለልብስ የሚያስፈልገው ጥሬ ዕቃ ከአንድ ቀን መንገድ ብዙም ሳይርቅ ይገኝ ነበር።

ከጥጥ በፊትም ሆነ ከጥጥ ጎን ቆዳ ሰፊ ቦታ ነበረው። እረኛውና የቆሎ ተማሪው የሚደርበው ደበሎ ጠጉሩ ያልተገፈፈ የበግ ቆዳ ነው። በዲማና በደብረ ወርቅ ቅኔና ዜማ ለመማር ከሩቅ የመጣ ተማሪ ደበሎውን ቀን ይለብሰዋል፤ ሌሊት ያነጥፈዋል፤ ይከናነበዋል። ለምድ በትከሻ ላይ የሚጣል ሲሆን እንደ ባለቤቱ ማዕረግ ከተራ የበግ ቆዳ እስከ ያጌጠ የጦር ሜዳ ልብስ ይደርሳል። ሕፃን የሚታዘልበት አንቀልባም ከለፋ ቆዳ የሚበጅ ነው። የደጋው የበግ ጠጉር ተፈትሎና ተሸምኖ ባና ይሆናል፤ ጥቁሩ በርኖስም ከበግ ጠጉር ይሠራል። የጮቄን ብርድ ጥጥ ብቻውን ስለማይመክት እነዚህ የሱፍ ልብሶች ለጌጥ የሚያዙ አልነበሩም።

ስለ ጎጃም የጥጥ ልብስ ከቀደሙት የጽሑፍ ማስረጃዎች አንዱ የፖርቱጋሉ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የተወው ነው። አልቫሬዝ ከእ.ኤ.አ. 1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ በቆየበት ጊዜ የጎጃም ግብር ለዓፄ ልብነ ድንግል ሲገባ አይቷል። ከወርቁ፣ ከ3,000 ፈረስና ከ3,000 በቅሎ ጋር 3,000 ወፍራም የጥጥ ልብስ መቅረቡንም ጽፏል። ይህን ያህል ልብስ በግብር የሚከፍል አገር ፈትልና ሽመና በየመንደሩ የተስፋፋበት መሆን አለበት። ልብስ ለገበሬው ከብርድ መጠለያ ብቻ ሳይሆን እንደ እህልና እንደ አሞሌ ጨው የሚከፈልና የሚመነዘር ሀብት ነበር።

ፈትል

የጥጥ ሥራ የሚጀምረው ፍሬውን ከጥጡ በመለየት ነው። ሴቲቱ ጥጡን በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አድርጋ በቀጭን የብረት መዳመጫ ስትገፋው ፍሬው እየተፈናጠረ ይወጣል። የተዳመጠው ጥጥ በደጋን ይነደፋል፤ የደጋኑ ጅማት በጥጡ ውስጥ ሲርገበገብ የተቋጠረው ይፈታል፣ ቆሻሻው ይራገፋል፣ ጥጡም ባዘቶ ይሆናል። ባዘቶው በትንሽ በትንሹ እየተጠቀለለ አመልማሎ ይወጣዋል። ከዚያ በኋላ የእንዝርት ተራ ነው። ፈታይዋ እንዝርቷን በጭኗ ላይ አሽከርክራ ትለቃለች፤ በግራ እጇ የያዘችው አመልማሎ እየሳሳና እየከረረ ክር ይሆናል። እንዝርቱ ሲሞላ ክሩ ተጠንጥኖ ልቃቂት ይሆናል።

ፈትል የተለየ ሰዓት አልነበረውም። ማለዳ ከወፍጮ በኋላ፣ ከሰዓት በኋላ ቡና እስኪፈላ፣ ማታ እሳት ዳር፣ ጎረቤት ለመጠየቅ በሚኬድበትም ጊዜ ሳይቀር ይሠራል። የቤት ሥራ ሁሉ ቦታና ሰዓት ሲኖረው እንዝርት ብቻ በሌሎቹ ሥራዎች ክፍተት ውስጥ የሚገባ ነበር። በኋላ ዘመን ሌላው ሥራ ሁሉ ከቤት ሲወጣ ፈትል እቤት የቀረበት ዋና ምክንያትም ይኸው ነው፤ ፈትል የሚበላው ጊዜ ለሌላ ገቢ የሚሸጥ ጊዜ አልነበረም።

ሙያው የሴት መመዘኛም ነበር። ቀጭን ፈታይ መባል ምስጋና ነው፤ ለልጃገረድ የሚመረቅ ምርቃትም ነው። ልጅቷ እንዝርት መያዝ የምትጀምረው በሕፃንነቷ ሲሆን መጀመሪያ የምትፈትለው ጎርባጣ ክር ለወፍራም ልብስ ማግ ይሆናል። እጇ ሲቀጥን ለነጠላና ለቀሚስ የሚሆነውን ትፈትላለች። ከቤተሰቡ ፍላጎት የተረፈ ልቃቂት ገበያ ላይ ይሸጣል፤ ከዚህ የሚገኘው ገንዘብ በልማድ የሴቲቱ የራሷ ስለሆነ ጨውና በርበሬ የሚገዛበት የጓዳ መደጎሚያ ነበር።

ሽመና

ሽመና በአካባቢው የባለሙያ ወንዶች ሥራ ሆኖ ኖሯል፤ ከሸማኔዎቹ መካከል ሙስሊሞችም ክርስቲያኖችም ነበሩ። ባለ ልብሷ ፈትሏን ይዛ ወደ ሸማኔው ትሄዳለች፤ ምን እንደምትፈልግ ትነግረዋለች፤ የእጁን ዋጋ በእህል ወይም በገንዘብ ትከፍላለች። ክሩ የእሷ ስለሆነ ሸማኔው የሚሸጠው ጊዜውንና ጥበቡን ብቻ ነው።

ክሩ መጀመሪያ ይዳወራል፤ ከዚያ ግቢ ውስጥ በተተከሉ ችካሎች መካከል እየተዘረጋ ድር ይሆናል። ማጉ በቀሰም ላይ ተጠቅልሎ በመወርወሪያ ሆድ ውስጥ ይገባል። ሸማኔው ከጉድጓድ አፋፍ ተቀምጦ እግሮቹን ወደ ውስጥ ይሰዳል፤ በእግር ጣቶቹ መርገጫውን ሲረግጥ ድሩ ይከፈታል፤ መወርወሪያውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው ይሰድዳል። የጨርቁ ስፋት በሁለቱ እጆቹ መድረሻ የተወሰነ ስለሆነ አንድ ሰው የሚከናነበው ልብስ ከአንድ ስንጥቅ ብቻ አይወጣም። ጋቢ ሰፊ የሚሆነው ረጅሙ ጨርቅ ተቆርጦ ጎንና ጎኑ ሲጋጠምና ሲታጠፍ ነው። በዚህ ምክንያት ያለ ስፌት የሚለበስ የሚመስለው ጋቢ ራሱ መርፌ ይፈልጋል።

ከሸማኔው እጅ የሚወጣው ልብስ እንደ ውፍረቱና እንደ እጥፉ ይለያል። ነጠላ ስስና ሁለት እጥፍ ነው፤ ጋቢ አራት እጥፍ ነው፤ ቡልኮ ከሁሉ ይወፍራል። ለቀሚስና ለእጀ ጠባብ የሚሆነው ጨርቅ ጠበቅ ተደርጎ ይሸመናል። መቀነትና ድግ ረጃጅምና ጠባብ ናቸው፤ መቀነት የሴት፣ ድግ የወንድ መታጠቂያ ነው። በጨርቁ ጫፍ የሚገባው ጥለት ባለ ቀለም ክር ይጠይቃል። አገር ውስጥ የተፈተለው ነጭ ስለነበረ በቀድሞው ዘመን ቀይና ሰማያዊ ክር የሚገኘው ከባሕር ማዶ የመጣን ባለ ቀለም ጨርቅ እየተረተሩ ነበር። ለዚህ ነው ሰፊ ጥለት ያለው ልብስ የመኳንንት፣ ጠባብ ጥለት ወይም ጥለት አልባው ደግሞ የገበሬው የነበረው።

ሸማኔው ሁሉን ያለብስ እንጂ ክብር አይከፈለውም ነበር። ሸማኔን ቁጢት በጣሽ፣ ቆዳ የሚያለፋውን ፋቂ፣ ብረት ቀጥቃጩን ጠይብ እያሉ መስደብ በሰሜን ኢትዮጵያ ሁሉ የተለመደ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ በእጅ ሥራ የሚኖሩ ሰዎች በሙያቸው እንዳይሰደቡ ከልክለዋል። አዋጁ ስድቡን ፈጥኖ ባያጠፋውም መንግሥት ለእጅ ባለሙያ ክብር በግልጽ የቆመበት ሰነድ ሆኖ ይጠቀሳል።

መርፌ የወንድ በነበረበት ዘመን

በሰሜኑ ኢትዮጵያ ደጋ የቆየው የሥራ ክፍፍል ለውጭ ሰው እንግዳ ነበር። ሴት ትፈትላለች እንጂ ልብስ አትሰፋም፤ ወንድ ይሰፋል፤ ልብስ ወንዝ ወርዶ በእንዶድ የሚያጥበውም ወንድ ነው። የ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አውሮፓውያን ተጓዦች ይህን በመገረም ጽፈውታል። የሴቲቱ ስፌት ሌላ ነበር፦ ወስፌ ይዛ በአክርማና በስንደዶ መሶብ፣ ሙዳይና ሰፌድ ትሰፋለች።

ወንዱ መርፌ የለመደው ከተለያየ ቦታ ነው። በቤተ ክርስቲያን አካባቢ ብራና የሚፍቁ፣ መጽሐፍ የሚጠርዙና የሚደጉሱ ሰዎች ክርና መርፌ የዘወትር መሣሪያቸው ነበር። ጭነት የሚያመላልስ ነጋዴ ጆንያና የበቅሎ ዕቃ መጥቀም ያውቃል። ዘማች ገበሬም ድንኳንና ኮርቻ እየጠገነ የሚያድር ስለሆነ የራሱን ሱሪ ለመስፋት አይቸገርም። መርፌ ግን ከውጭ የሚመጣ ብርቅ ዕቃ ስለነበረ በየቤቱ አይገኝም፤ ያለው ለሌለው ያውሳል። የስፌት ክር የሚዘጋጀው የቤቱን ፈትል ሁለት ሦስት እጥፍ አድርጎ በመግመድ ነው።

አቆራረጡ ጨርቅ የሚያባክን አልነበረም። ለወራት የተፈተለ ክር የወጣበትን ጨርቅ እንዳሻው የሚቀድ ሰው ስለሌለ ልብስ የሚሰፋው በአብዛኛው ቀጥ ካሉ ቁራጮች ነው። መለኪያው ክንድና ስንዝር ነው፤ ክንዱም የባለ ልብሱ ነው። የሴት ቀሚስ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ ሰፊ ሆኖ በመቀነት ወገብ ላይ ይሰበሰባል። ሰፊ መሆኑ ለእርግዝና ጊዜም ያገለግላል፤ ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍም ልክ ማስተካከል አያስፈልገውም። የወንዱ እጀ ጠባብ ስሙ እንደሚለው ከክርን በታች የሚጠብ ሲሆን ሱሪው ባቱ ላይ ይይዛል። ከጉልበት በላይ የሚቀረው ቁምጣ ደግሞ ጭቃማውን ጥቁር አፈር ለሚያርስ ገበሬ ተስማሚ ነው፤ እስከ ዛሬም የጎጃም ገበሬ መለያ ሆኖ ቆይቷል።

ያረጀ ልብስ አይጣልም። የሳሳው ጋቢ ለልጅ ይቆረጣል፤ የተቀደደው በእራፊ ይጣፋል፤ እራፊ በእራፊ ላይ ሲደራረብ ድሪቶ ይሆናል። ከድሪቶ የተረፈው ለማዘያ፣ ለእንጀራ መሸፈኛና ለድስት መያዣ ይውላል።

ልብስና የሕይወት ሥርዓት

አንድ ሰው በዕድሜው ጥቂት ልብስ ብቻ ስለሚኖረው እያንዳንዱ ጊዜና ቦታ ነበረው። የዘወትሩ ልብስ ለእርሻና ለጓዳ፣ የክቱ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለሠርግና ለዓመት በዓል ነው። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ የሚለው ተረት የክት ልብስ በሣጥን ውስጥ ለየትኛው ቀን ይጠበቅ እንደነበረ ያስረዳል። ፈታዮች ከመኸር በኋላ ባለው ጊዜ እጃቸውን የሚያፋጥኑትም ልብሱ ለገናና ለጥምቀት እንዲደርስ ነው።

ሙሽራ ከወላጆቿ ቤት ስትወጣ እናቷ የፈተለችው ልብስ አብሯት ይሄዳል፤ ከወንዱ ወገን በጥሎሽ የሚቀርበው ልብስ ደግሞ በሽማግሌዎች ፊት ተዘርግቶ ይታያል። ሐዘንም የራሱ አለባበስ አለው። የቅርብ ዘመድ የሞተበት ነጭ ልብሱን ጥቁር አስነክሮ ከል ይለብሳል፤ ለቅሶ የሚደርሰው ሰው የነጠላውን ጥለት ከግርጌ ወደ ላይ ያዞራል። በታላቅ ሰው ፊት የሚቆም ጋቢውን ወይም ነጠላውን ከትከሻው አውርዶ ወገቡ ላይ በማደግደግ አክብሮቱን ያሳያል። እነዚህ ልዩነቶች አንድም መቀስ ሳይገባባቸው በአለባበስ ብቻ የሚገለጹ ናቸው።

ፈረንሳዊው አርኖ ዳባዲ በ1830ዎቹና በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. የጎጃሙ ገዥ የደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ባለሟል ሆኖ ሲኖር ይህን የአለባበስ ቋንቋ አጥንቷል። በ1868 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍም ኢትዮጵያውያን ሸማቸውን እንደ ሁኔታው የሚለብሱበትን መንገድ ዘርዝሯል።

ከገበያ የመጣ ጨርቅ

የውጭ ጨርቅ ወደ ጎጃም መግባት የጀመረው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አይደለም። እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ በ1840ዎቹ መጀመሪያ የጁቤ አጠገብ ስለነበረው የባሶ ገበያ ጽፏል። ባሶ ከዓባይ ማዶ የሚመጣ ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ወርቅና ባሪያ ከምጽዋ መስመር ከሚመጣ ጨውና ጨርቅ ጋር የሚለዋወጥበት ታላቅ ገበያ ነበር። ሞጣ ደግሞ ወደ በጌምድር በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዓፄ ፋሲለደስ ዘመን በዓባይ ላይ የተሠራውና በኋላ ሰባራ ድልድይ የተባለው የድንጋይ ድልድይ የሞጣን ነጋዴዎች ከማዶው ገበያ ጋር ያገናኝ ነበር። ይሁን እንጂ በዚህ ሁሉ ጊዜ የውጭ ጨርቅ የባለጸጋ ነበር።

ለገበሬው የደረሰው አቡጀዲ ነው። ይህ ያልነጣ ጠንካራ የፋብሪካ ጨርቅ መጀመሪያ ከአሜሪካ የሚመጣ ነበር፤ በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ግን የጃፓን ጨርቅ በርካሽነቱ ገበያውን ወሰደው። የጅቡቲው ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ የማጓጓዣው ዋጋ ቀነሰ። ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም ግን የዓባይ በረሃ በቅሎና አህያ ተጭኖ የሚታለፍ ስለነበረ ጨርቁ ቢቸናና ሞጣ ሲደርስ ዋጋው ይጨምራል። አቡጀዲ ቀድሞ የተካው የሱሪንና የእጀ ጠባብን ጨርቅ ነው፤ ለእነዚህ የሚያስፈልገው ጥንካሬ እንጂ ሙቀት አይደለም። ጋቢን ሊነካው አልቻለም።

በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ቢቸና የደጃዝማች በላይ ዘለቀና የአርበኞቹ ዋና መንቀሳቀሻ ከሆኑት ቦታዎች አንዷ ነበረች። ሰባራ ድልድይም የተሰበረው በዚህ የጦርነት ጊዜ ነው። ጦርነቱ የንግድ መንገዶችን ሲያውክ የገጠሩ ሰው ወደ ቤት ፈትሉ ተመለሰ። አርበኛው ከላይ ጋቢ ወይም ነጠላ፣ ከታች ቁምጣ ወይም ሱሪ ይለብሳል፤ ከጠላት የተማረከ የካኪ ልብስ ደግሞ በምርኮነቱ ይኮራበታል። ካኪ ከዚያ ወዲህ በገጠሩ የወንድ ልብስ ውስጥ ቦታ አገኘ።

ስፌት መኪና

አይዛክ ሲንጀር በ1851 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ያስመዘገበው የልብስ ስፌት መኪና የትም አገር እንደሆነው በኢትዮጵያም የስፌትን ሥራ ከመሠረቱ ለወጠው። መኪናው በመጀመሪያ በአዲስ አበባ፣ በኋላ በየክፍለ ሀገሩ ከተሞች ተስፋፋ፤ ከነጻነት በኋላ በነበሩት ዐሥርት ዓመታት የአውራጃ ከተማ የገበያ መልክ አካል ሆነ። ሲንጀር የሚለው ስም በሰው አፍ ለማንኛውም የእግር መኪና መጠሪያ ሆነ። መኪናው መብራት አይፈልግም፤ ኤሌክትሪክ ላልደረሰበት ከተማ የሚሆን ፋብሪካ ነበር።

ልብስ ሰፊው መኪናውን በጨርቅ ነጋዴው በረንዳ ላይ ያኖራል። ገበሬው በገበያ ቀን እህሉን ሸጦ ከጣቃው ላይ የሚበቃውን ያስቆርጣል፤ እዚያው በረንዳ ላይ ልኩን ይሰጣል፤ ገበያው ሳይበተን የተሰፋ ልብሱን ይዞ ይሄዳል። በእጅ ብዙ ቀን የሚወስደው በሰዓታት የሚያልቅ ስለሆነ በየቤቱ የነበረው የወንድ መርፌ ሥራውን አጣ፤ ከእራፊ መጣፍና ቁልፍ ከመትከል በቀር የሚፈለግበት ነገር አልቀረም። መርፌ ከሦስቱ ሥራዎች ቀድሞ ከቤት የወጣው እንዲህ ነው። ለአንድ ገበያ ጥቂት መኪና ይበቃል፤ የልብስ ሰፊው ዋጋም ገበሬው ሊከፍለው የሚችል ነበር። ለፈትል ግን እንዲህ ያለ መሣሪያ ገበያው ውስጥ አልገባም።

በዚሁ ዘመን መርፌ በሌላ በር ተመልሶ ወደ ቤት ገባ፤ በዚህ ጊዜ ግን በሴት እጅ ነበር። በአውራጃ ከተሞች የተከፈቱ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ልጃገረዶችን በባልትና ትምህርት ስፌት፣ ጥልፍ፣ ሹራብና ዳንቴል ያስተምሩ ጀመር። ከትምህርት ቤት የተማረችው ለእህቷና ለጎረቤቷ ታሳያለች። የትራስ ልብስ በጥልፍ ያጌጠበት፣ የጠረጴዛና የወንበር ልብስ በኪሮሽ የተሠራበት ቤት የዘመናይነት ምልክት ሆነ። በቀሚስ ደረትና እጅጌ ላይ የሚገባው ባለ ብዙ ቀለም ጥልፍም በዚሁ መንገድ ከገጠር ሴቶች ዘንድ ደረሰ። ብዙ ጊዜ ልብሱን የሚሰፋው መኪና ያለው ወንድ፣ የሚጠልፈው ደግሞ ሌላ ባለሙያ ሆነ። ከወገብ በታች የሚሸነሸነው ሽንሽን ቀሚስ የመጣውም ብዙ ጨርቅ በርካሽ ከተገኘ በኋላ ነው። ጨርቅ በክንድ ተቆጥሮ በሚቆጠብበት ዘመን በእጥፋት ላይ እጥፋት መደረብ አይታሰብም ነበር።

ፋብሪካው፣ ኅብረት ሱቁና ልባሹ

በ1961 እ.ኤ.አ. ከጣሊያን የጦር ካሣ በተገኘ ገንዘብ የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቋቋመ። ከሞጣ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የቆመው ይህ ፋብሪካ ለአካባቢው ሁለት ነገር አመጣ። አንደኛው የአገር ውስጥ አቡጀዲና ካኪ ነው። ሁለተኛው በመኪና የተፈተለ ድር ነው፤ ለሸማኔዎች የሚበልጠውም ይህ ነበር። የእጅ ፈትል ሲወጠር በየመካከሉ ይበጠሳል፤ የፋብሪካው ግን እኩልና ጠንካራ ነው። ሸማኔዎች ድሩን ከገበያ እየገዙ ማጉን ብቻ ከፈታይዋ መቀበል ጀመሩ። ሴቲቱ መፈተል የሚኖርባት ክር በግማሽ ገደማ ስለቀነሰ ሥራው ቀለላት። ማጉ የእጅ ፈትል ሆኖ በመቅረቱም ልስላሴና ሙቀት ከጋቢው አልጠፋም። ፋብሪካው ፈትልን ከማጥፋት ይልቅ ዕድሜ የሰጠው በዚህ ምክንያት ነው።

በደርግ ዘመን ጨርቅ የሚከፋፈለው በአብዛኛው በገበሬ ማኅበርና በቀበሌ ኅብረት ሱቆች ነበር። በ1970ዎቹ ዓ.ም. የነበረው ሰው አቡጀዲና ካኪ በተራ የሚወሰድበትን ጊዜ ያስታውሳል። በ1977 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የእደ ጥበብና አነስተኛ ኢንዱስትሪ ልማት ድርጅት ሸማኔዎችንና ልብስ ሰፊዎችን በኅብረት ሥራ ማኅበር ለማደራጀት ሠርቷል። በ1972 ዓ.ም. የተመሠረተው የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበርም ሴቶችን በስፌትና በሹራብ ያሠለጥን ነበር። ሴት ልብስ ሰፊ ከመኪና ፊት መቀመጧ በትናንሽ ከተሞች ነውር መሆኑ የቀረው በእነዚህ ዓመታት ነው። በዚሁ ጊዜ ከዓባይ ማዶ በፎገራ የሚገኘው የአውራ አምባ ማኅበረሰብ ወንድም ሴትም እየፈተለ ወንድም ሴትም እየሸመነ የቆየውን ክፍፍል ጨርሶ ሰብሮታል፤ በምሥራቅ ጎጃም ግን ሽመና የወንድ፣ ፈትል የሴት እንደሆነ ቀጠለ።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ነጻ የሆነው ንግድ በቦንዳ የታሰረ ልባሽ ጨርቅ በየገበያው አፈሰሰ። ሰልባጅ የተባለው ይህ ልብስ አዲስ ጨርቅ ገዝቶ ከማሰፋት ስለሚረክስ የጎዳው ሸማኔውን ሳይሆን የበረንዳውን ልብስ ሰፊ ነው። የወንድ ኮት፣ ሸሚዝና የልጆች ልብስ በአብዛኛው ወደ ሰልባጅ ዞረ። ልብስ ሰፊው የተረፈው ሰልባጅ በማያመጣቸው ልብሶች ነው፤ እነርሱም የገበሬው ቁምጣ፣ የሴቷ ሽንሽን ቀሚስ፣ የተማሪዎች የደንብ ልብስና የቤተ ክርስቲያን አልባሳት ናቸው። ሰልባጁን ማጥበብና ማሳጠርም ሌላ ሥራ ሆነለት።

የዛሬው ሁኔታ

በቅርብ ዓመታት የሸማኔው ተቀናቃኝ ከሌላ በኩል መጣ። የጥበብ ቀሚስ መልክ ታትሞበት ከውጭ የሚገባ የፋብሪካ ጨርቅ በሠርግና በበዓል ገበያ ላይ የሸማኔውን ዋጋ ሰብሮታል። በሩቅ ለሚያይ ሰው የታተመውን ከተሸመነው መለየት ስለሚያስቸግር ጉዳቱ በጥለት ሥራ ላይ ይበረታል። ጋቢና ቡልኮ ግን በኅትመት የሚተኩ አይደሉም፤ ዋጋቸው በውፍረታቸውና በልስላሴያቸው ስለሆነ የእጅ ፈትል ይጠይቃሉ።

በዚህም ምክንያት በቢቸናና በሞጣ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች እንዝርት እስከ ዛሬ ይሽከረከራል። ጥጡ አሁን ከዓባይ ቆላ ይልቅ ከመተማ፣ ከሑመራና ከሌሎች ሰፋፊ እርሻዎች ይመጣል፤ ድሩ የፋብሪካ ነው፤ ማጉ የቤት ነው። ጋቢው ለባል፣ ለአማች፣ ለክርስትና አባትና ለንስሐ አባት የሚሰጥ ስጦታ ነው፤ ከተማ ለሚማር ልጅ ይላካል፤ ባሕር ማዶ ወዳለ ዘመድም በሻንጣ ይሄዳል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትና የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች ስፌትንና ንድፍን በትምህርት ያስተምራሉ፤ ፈትል ግን አሁንም ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ሙያ ነው።

ሦስቱ ሥራዎች ዛሬ የቆሙበት ቦታ እንደሚከተለው ይጠቃለላል። ስፌት ከቤት ወጥቶ የገበያ ሙያ ሆኗል፤ ባለሙያውም ከወንድ ብቻ ወደ ወንድና ሴት ተሸጋግሯል። ሽመና በባለሙያው እጅ ቆይቶ ድሩን ከፋብሪካ፣ ማጉን ከመንደር ይቀበላል። ፈትል ከዕለት ልብስ ወጥቶ የክብርና የብርድ ልብስ ብቻ የሚሠራበት ቢሆንም ቤት ውስጥ ቀርቷል። ቤተሰቡ ቁምጣውን፣ ሸሚዙንና የልጆቹን ልብስ ከገበያ ሲገዛ ለራሱ የሚያሰናዳው የሚከናነበውን ጋቢ፣ ለበዓል የሚደርበውን ነጠላና የሚታጠቀውን መቀነት ነው።